ከዳንቴሉ ሥር ያለው ዜሮ

ስንቅነሽ ዋቅጅራ የእነ አቶ ዱጋሳን በር ከማንኳኳቷ በፊት፣ እንደ ልማዷ፣ ቆማ ዙሪያውን ተመለከተች።

ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከአጥሩ ጥግ አምስት ልጆች መኪና መኪና ይጫወታሉ። በሌላው የሞጆ ሰፈር ይህ ጨዋታ የታወቀ ሕግ አለው። ልጆቹ በተርታ ይቀመጡና ዝም ይላሉ፤ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይሸነፋል። የእነዚህ መኪና ግን ይሄዳል። ያውም የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። መሪ የያዘው ልጅ አንገቱን በቀኝ ትከሻው ላይ ቆልምሞ፣ "ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!" እያለ በጀርባው ይሮጣል፤ ተሳፋሪዎቹም ሸሚዙን ይዘው አብረውት ይግተለተላሉ።

ስንቅነሽ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ "ልጆች፤ ወደ ኋላ" ብላ ጻፈች። ለምን እንደሚጠቅማት አታውቅም። ሃያ አራት ዓመት በዜሮነት መርማሪነት ስትሠራ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ የማይጠቅም የሚመስለውንም መጻፍ ነው።

ጊዜው ግንቦት 2071 ነው። በዚያ ዓመት ወደ አገር የገቡት አዲስ መኪኖች አርባ ሦስት ነበሩ፤ የሞጆ ሕዝብ ከበሮ ይዞ ወጥቶ አንድ በአንድ ቆጥሯቸዋል። የመኪና ዋናው ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሻጮች የሚሸጡት ወረፋ ነው። በወረፋው ላይ ጭማሪ አለ፤ በጭማሪው ላይ ሌላ ጭማሪ አለ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከደኅንነት ቀጥለው የሚጠያየቁት "ጭማሪው ዛሬ ስንት ገባ?" እያሉ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን መኪና መንዳት፣ በብር ኖት እሳት አንድዶ እጅ እንደ መሞቅ ይቆጠራል። አንድ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና "የሮጠ" ይባላል፤ ዋጋውም ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ንቅንቅ ያላለው "ዜሮ" ነው። ዜሮ ያለው ቤተሰብ ሳሎኑን ለመኪናው ለቆ ጓዳ ይተኛል። ጎማው ቁጭ ብሎ እንዳይጎብጥ በየሳምንቱ በክሪክ ይነሣና ሩብ ዙር ይዞራል። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ጋቢና ይገባል፤ የወንበሩ ላስቲክ ከፋብሪካ እንደ መጣ ነውና፣ በተነቃነቀ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ እየሰማ ሻዩን ይጠጣል። ሽማግሌዎች ሲመርቁም "ዜሮህን ያቆይልህ" ይላሉ። ሰው የሚጓዘው በጋሪና በባቡር ነው።

የስንቅነሽ ሥራ በየዓመቱ እያንዳንዱን ዜሮ መርምሮ ሊብሬው ላይ ማኅተም ማድረግ ነው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ማኅተሟ ስሕተት ሆኖ አልተገኘም። አንድ ዓመት ከደገመች ቢሮው ለራሷ የመኪና ወረፋ ይሰጣታል፤ ያለ ጭማሪ። በቢሮው ታሪክ እዚህ የደረሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስንቅነሽ ቀለሙን እንኳ መርጣለች። ነጭ። ከዚያ እንደ ሁሉም ሰው ሳሎኗን ለቃለት ጓዳ ትተኛለች። በመኪና ተሳፍራ ግን አታውቅም፤ ከመኪናው በኋላም ለመሳፈር አላሰበችም።

በሩን የከፈቱላት እማማ እልፍነሽ ናቸው፤ የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ ቀጫጫ፣ እግረ ቀልጣፋ።

"ስንቄ! መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ። ምነው ዘንድሮ ከሳሽ?"

"እማማ፣ ዓምናም እንዲሁ ብለውኛል።"

"ዓምናም ከስተሽ ነበራ!"

ባላቸው አባባ ዱጋሳ ከኋላቸው ብቅ አሉ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬም ደረታቸው ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቷል። አንገታቸው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። የእማማ እልፍነሽ ወደ ግራ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ፎቶ ለመነሣት የተዘጋጁ ሙሽሮች ይመስላሉ። ስንቅነሽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መጀመሪያ ስትመጣ ይህን አይታ "የባል አንገት፤ ከስፌት ሥራ" ብላ ጽፋለች። ስለ ሚስትየው አንገት ምንም አልጻፈችም፤ ፍቅር ነው ብላ አልፋዋለች።

ሳሎን ውስጥ፣ ከሰማያዊው ፒካፕ አጠገብ፣ ሁለት ሰዎች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ከአዳማ የመጣው ልጃቸው ለሜሳ ነው፤ አርባ ዓመቱ። ሁለተኛው ባህሩ የሚባል ደላላ ነው።

"ኢንስፔክተር!" አለ ባህሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ። "ማኅተሙን ብቻ ጠብ አድርጊልን። ገዢው አዲስ አበባ ላይ እስክሪብቶውን ከፍቶ ቁጭ ብሏል።"

"ሊሸጡት ነው?" ስንቅነሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። አባባ ዱጋሳ ጣሪያውን፣ እማማ እልፍነሽ መሬቱን አዩ።

"አዎ፣ ሊሸጡት ነው" አለ ለሜሳ በእነሱ ፈንታ። "አዳማ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጥሩ ቤት አይቼላቸዋለሁ። ሊፍት ያለው። እዚህ ከመኪና ጋር ተፋጥጠው እስከ መቼ ይኖራሉ?"

"ሻዩ ሲቀዳ መቶ ዘጠና ስምንት ሚሊዮን ነበር" አለ ባህሩ ስልኩን እያየ። "አሁን ሁለት መቶ ሦስት ገብቷል።"

"ታዲያ ሻዩ ይብረድ እንጂ" አሉ እማማ እልፍነሽ። "ምናልባት ገዢው ደንግጦ ይተወዋል።"

"እማዬ!"

"ምን አልኩ? ሻይ ይብረድ ነው ያልኩት።"

ስንቅነሽ ጫማዋን አውልቃ ሥራዋን ጀመረች። ሰሌዳውን ከሊብሬው አስተያየች፤ ልክ ነው። በሩን ከፈተች። በዳሽቦርዱ ላይ፣ ሌሎች ሰዎች ቴሌቪዥን እንደሚያለብሱት፣ ነጭ የእጅ ሥራ ዳንቴል ተዘርግቷል። በየዓመቱ የምታየው ነው። ገለጥ አድርጋ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አየች። ዜሮ። የወንበሩን ላስቲክ በባትሪ መረመረች። የሾፌሩ ላስቲክ በቀኝ ትከሻ በኩል ሳስቷል። ዓምና "ፀሐይ" ብላ የጻፈችው ይኸ ነው። አሁን ቀና ብላ መስኮቱን ፈለገች። ፀሐይ በዚያ በኩል አትገባም።

ወረደችና በደረቷ ተኝታ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሦስቱ የታጠቡ ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ። በአራተኛው፣ በኋላ ግራ ጎማ ጥርስ መካከል፣ አንዲት ሽምብራ ተሰንቅራለች። ሽምብራዋ በቅላለች። ሁለት ቅጠል አውጥታ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ስንቅነሽ ከመሬት ሳትነሣ ቆየች። ሽምብራ ሳሎን ውስጥ አይዘራም።

"ከባለቤቶቹ በቀር ሌላው ሰው ይውጣልኝ" አለች። "ደንብ ነው።"

ባህሩና ለሜሳ እያጉረመረሙ ወደ ግቢው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ስንቅነሽ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

"አባባ፣ ይህ መኪና የት ሄዶ ነው?"

አባባ ዱጋሳ ሚስታቸውን አዩ። እማማ እልፍነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"ቆቃ" አሉ አባባ በመጨረሻ። "ሐይቁ ዳር። እሑድ እሑድ ማለዳ፣ በእርሻው መንገድ። ዓሣ ጠብሰን እንበላና እንመለሳለን። ለሜሳ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቤቱ ጭር አለብን። ያኔ ነው የጀመርነው።"

"ስንት ዓመት ሆነ?"

"ሃያ ሁለት።"

"ግን እኮ መቁጠሪያው ዜሮ ነው!"

"እንዴታ፣ ዜሮ ነው!" አባባ ዱጋሳ በሙያቸው የተነኩ ይመስል ቀና አሉ። "ሌባ አይደለሁም። ሐይቁ ድረስ ወደፊት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ግን አልዞርም። ሰባቱንም ኪሎ ሜትር በማርሽ ኋላ። ኪሎ ሜትር ማለት ልጄ፣ ልክ እንደ ስፌት ነው። ወደፊት የሰፋሽውን ወደ ኋላ ከተረተርሽው፣ ጨርቁ እንደ ነበረ ይሆናል። የገባ ክር በገባበት ይወጣል።"

"ቤት ስንደርስ ዳንቴሉን እኔ ነኝ የምገልጠው" አሉ እማማ እልፍነሽ። "በየእሑዱ ዜሮ። አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እልል ብዬ ነው ከመኪና የምወርደው።"

"ሐይቁ ዳር ስትደርሱስ? ስንት ይላል?"

"እሱን ማን ያየዋል!" አሉ እማማ። "ቁጥሩን እያዩ ዓሣ ይበላል? ለዚሁ ብዬ አይደል ዳንቴሉን የሠራሁት!"

ፍሬ ነገሩን ሳታጣራ የማትተወው ሴት በስንቅነሽ ውስጥ ነቅታለች። የመኪናውን ሥሪት ታውቀዋለች፤ መቁጠሪያው ጎማው በየትም በኩል ቢዞር ይደምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ዜሮ ሊል አይችልም። ነገር ግን ይላል። መፍቻዋን አወጣችና ጋቢና ገብታ ከመሪው በታች ያለውን ክዳን ፈታች። የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ ይዛ ተጎንብሳ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

"አባባ፣ የመቁጠሪያው ሽቦ ከሶኬቱ ጋር አልተገናኘም።"

"ተበጠሰ?"

"አልተበጠሰም። የፋብሪካው ወረቀት እንኳ አልተላጠለትም። ሲሠራ ጀምሮ አልገባም።"

"ምን ማለት ነው?"

"ወደፊት ቢሄዱም ዜሮ ነው። ወደ ኋላ ቢሄዱም ዜሮ ነው። አገር አቋርጠው ቢመጡም ዜሮ ነው።"

የአባባ ዱጋሳ እጅ ቀስ ብሎ ወደ አንገታቸው ሄደ።

"እልፌ" አሉ። "አንገቴ!"

እማማ እልፍነሽ ሳቃቸው መጀመሪያ በአፍንጫቸው ነው የወጣው። ቀጥሎ የመኪናውን በር ይዘው ጎንበስ አሉ። አባባ ዱጋሳ ሊቆጡ ፈልገው "ሃያ ሁለት ዓመት!" ብለው ጀመሩና እሳቸውም መሐል ላይ ተሸነፉ። ስንቅነሽ እንደ ልማዷ በልቧ ታሰላለች፤ በየእሑዱ ሰባት በጀርባ፣ ሃምሳ ሁለት እሑድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

"ስምንት ሺ ኪሎ ሜትር" አለች። "አምስት ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ነው። በጀርባ።"

ይህን ስትል ራሷም ሳቀች። መርማሪ በምርመራ ላይ አይስቅም። ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ የቀረው ሊብሬው ነው። ስንቅነሽ በእጇ ይዛዋለች። የቢሮው ደንብ አንቀጽ አራት "ፍርዱ የመቁጠሪያው ነው" ይላል። መቁጠሪያው ዜሮ ብሏል። ማኅተሙን ብታደርግ ደንብ አልጣሰችም፤ ለሜሳ ደስ ይለዋል፣ ባህሩ ደስ ይለዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ነጩ መኪና ይመጣል። "የሮጠ" ብላ ብትጽፍ ግን ያለፉት ዘጠኝ ማኅተሞቿ ውሸት ይሆናሉ። ሃያ አራት ዓመቷ አብሮ ይተረተራል።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለች። "ሦስቱን ጎማ አጥበዋል። አራተኛውን ለምን ተዉት?"

እማማ እልፍነሽ ሳቃቸውን አቆሙ።

"አጥቤው ነበር" አሉ። "ሳጥበው ሽምብራዋን አየኋት። ላወጣት ጣቴን ሰደድኩ፤ ከዚያ ተውኳት። በነጋታው ዳግመኛ አየኋት፤ አብጣለች። ውኃ ጠብ አደረግኩላት።" "ስድስት ቀን አጠጣኋት። ልጄን ቤቱን አልፈልግም ማለት አልቻልኩም፤ ለእኛ ብሎ ነው የሚደክመው። ዓይን ያለው ሰው መጥቶ ያያታል ብዬ ነው። ስንቄ ታያለች አልኩ።"

አባባ ዱጋሳ ሚስታቸውን እንደ አዲስ ሰው ተመለከቷቸው።

"ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?"

"አንተ ደግሞ አውጥተህ ትተክላት ነበር።"

"ያስቀጣናል?" ሲሉ አባባ ወደ ስንቅነሽ ዞሩ።

"የራስን መኪና መንዳት አያስቀጣም። የሚያስቀጣው የሮጠውን ዜሮ ነው ማለት ነው። ያለው ደግሞ ማኅተሙ ነው፤ ማኅተሙ የእኔ ነው።"

ሊብሬውን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋችው፤ የመሄጃውንም ስምንት ሺ ደመረችበት። "የሮጠ፤ አሥራ ስድስት ሺ ኪሎ ሜትር ገደማ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ፣ ፊደሏን ሳታሳንስ፣ "ያለፉት ዘጠኝ ማኅተሞቼ ስሕተት ናቸው። የላስቲኩን መሳሳት አይቼ ምክንያቱን አልመረመርኩም" ብላ ፈረመች።

ባህሩና ለሜሳ ተጠርተው ገቡ፤ አባባ የእሑዱን ጉዞ ነገሯቸው። ባህሩ ሊብሬውን ሲያነብ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ሁለተኛ ሲያነብ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣውም።

"ሁለት መቶ ሰባት ገብቶ ነበር" አለ በሹክሹክታ።

"አባዬ" አለ ለሜሳ። "በየእሑዱ ስደውል 'ቤት ነን' ትሉኝ ነበር!"

"ቤት ደርሰን ነው የምናነሣው" አሉ እናቱ። "መቼ ዋሸንህ?"

"አሥራ ሁለተኛ ፎቅስ?"

"አንተ ኑርበት የኔ ጌታ። እኛ ሊፍት ሽቅብና ቁልቁል ብቻ ነው የሚሄደው ሲሉ ሰማን።"

የለሜሳ ዓይን ጎማው ላይ ካለችው ሽምብራ ላይ አረፈ፤ ቅጠሏን በጣቱ ነካት። የሰማው ሁሉ እውነት መሆኑ ያኔ ገና የገባው ይመስላል።

"ይሄዳል?" አለ። ድምፁ የአርባ ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም።

"ና ግባ" አሉ አባባ ዱጋሳ። "ቅዳሜ ቢሆንም ዓሣው አያውቅም።"

ስንቅነሽ መፍቻዋን እያነሣች "ከመሄዳችሁ በፊት ሽቦውን ላስገባው?" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን ይቁጠር።"

"አስገቢው" አሉ እማማ። "ዳንቴሉን ግን እንዳትነኪ።"

የሳሎኑ የኋላ በር ተከፈተ። አባባና እማማ ከፊት፣ ስንቅነሽ ከኋላ ወንበር፣ ለሜሳ ከጭነቱ ላይ። መኪናው ንቅንቅ ሲል ባህሩ ከግቢው እየሮጠ መጣ።

"አንዴ! አንዴ ጠብቁኝ!"

"ምን ረሳህ?" አሉ አባባ በመስኮት።

"ሠላሳ ዓመት መኪና ሸጫለሁ" አለ ባህሩ እያለከለከ። "ተሳፍሬ አላውቅም።"

"ውጣ በላ፤ ጭማሪ አንጠይቅህም!"

የእርሻው መንገድ ለስላሳ ነው። ስንቅነሽ በግንባሯ ላይ ነፋስ ሲመጣ፣ ዛፎች ሲቀርቡና ሲያልፉ፣ ሆዷ በጉብታው ላይ ቀለል ሲል እየመዘገበች ነበር፤ በኋላ መመዝገቡን ረሳችው። የሰፈሩ ልጆች እስከ እርሻው ዳር አብረዋቸው ሮጡ። ከጭነቱ ላይ ለሜሳና ባህሩ እንደ ሠርግ አጃቢ ይጮኻሉ። ቆቃ ዳር ደርሰው ዓሣ በሉ፤ በሎሚና በሚጥሚጣ። ስንቅነሽ ሁለት ደገመች።

ለመመለስ ሲነሡ አባባ ዱጋሳ መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዞሩት። ወደፊት እያዩ፣ ቀጥ ብለው፣ አንገታቸው እያመማቸው ነዱ። እማማ እልፍነሽም ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ያያሉ። ሲሄዱ የፈላው ጨዋታ የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ ሁለቱም ባቡር ላይ እንደ ተገናኙ ሰዎች ተቀምጠዋል። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ አባባ ዱጋሳ ቆሙ።

"እልፌ" አሉ። "አልገጠመኝም።"

"እኔም" አሉ እማማ። "ፊትህ ጠፋብኝ።"

አባባ እንደ ገና አዞሩትና ሐይቁ ዳር ድረስ ተመለሱ፤ መንገዱን ከዚያው በማርሽ ኋላ ሊጀምሩት ነው። ቀኝ ክንዳቸውን በሚስታቸው ወንበር ላይ ጣል አደረጉ፣ አንገታቸውን በቀኝ ትከሻ ላይ መለሱ፤ እማማ በግራ ትከሻቸው መንገዱን ለማየት ዘንበል አሉ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ስንቅነሽ ዘጠኝ ዓመት ያየችው ነገር ገባት፤ ሁለቱም ያዘነበሉት ወደዚህ ነበር።

"ስንቄ፣ ጭንቅላትሽን ወደ ግራ! ባህሩ፣ ቁጭ በል፣ መንገዱን ከለልከኝ!"

"የት ታይበታለህ፣ እኔን እያየህ" አሉ እማማ።

"አንቺንም መንገዱንም ነው የማየው። ሃያ ሁለት ዓመት አልጋጨሁም።"

ጨዋታው ተመለሰ። የጎረቤት ሐሜት፣ የዓሣው ጨው መብዛት፣ የባህሩ ጩኸት። "ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!" እያለ ፒካፑ በሽምብራው እርሻ መካከል በጀርባው ተመለሰ፤ ልጆቹም ከእርሻው ዳር ጀምሮ በጀርባቸው እየሮጡ አጀቡት።

ሳሎን ገብተው ሲቆሙ ሁሉም ከጋቢናው ዙሪያ ተሰበሰበ። እማማ እልፍነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው የዳንቴሉን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙ። ቀስ ብለው ገለጡት።

አሥራ አምስት።

ከዚያ እማማ እልፍነሽ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ለዜሮ ያሉት እልልታ ለአሥራ አምስት ሲሆን ይበልጥ ረዘመ። ለሜሳ አባቱን አቀፈ። ባህሩ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አነሣው።

"አንዷ ከየት መጣች?" አሉ አባባ ዱጋሳ። "አሥራ አራት አልነበረም መንገዱ?"

"ከቆቃ ወደፊት የመጡባት ግማሽ አለች፤ የተመለሱባት ግማሽ አለች" አለች ስንቅነሽ።

"እሷ አልገጠመችኝም ብያለሁ እኮ!"

"ተቆጥራለች አባባ። አትተረተርም።"

ስንቅነሽ ጫማዋን አጠለቀች፤ ደብተሯን ከፍታ "15" ብላ ጻፈች፣ ከሥሩም አሰመረችበት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

"ነገ እሑድ ነው" አለች። "ሃያ ዘጠኝ ይሆናል። የሚቆጥር ሰው አያስፈልጋችሁም?"